ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

መርካቶ ውስጥ ገንዘብ የማይዋጣበት ቀን የለም። ነጋዴው የሳምንት እቁቡን ይጥላል፤ የወር እድሩን ይከፍላል። ክርስቲያኑ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል የሰንበቴና የጽዋ ተራው ይደርሰዋል፤ ሙስሊሙ በአንዋር መስጊድ በኩል ዘካውንና ሰደቃውን ያወጣል፤ ሁለቱንም ደግሞ የትውልድ አገራቸው ልማት ማኅበር ደረሰኝ ይዞ ሱቃቸው ድረስ ይመጣባቸዋል። ይህን ሁሉ የሚሰበስበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ጎረቤት ነው፣ የታመነ ነው፣ ተመርጧል፣ በቃ። ሆኖም በዚሁ ገበያ «የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት» የሚል ስም ሲነሣ ሐሳባችን ወዲያው የሚሄደው ወደ ፈረንጅ ነው፤ በሩ ላይ ዓርማ ወደተለጠፈበት ነጭ ላንድክሩዘር፣ ወደ ፕሮጀክትና ወደ በጀት ዓመት። ለማናውቀው ሕፃን ማዋጣት ከውጭ የመጣ ሙያ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። እነዚህ ድርጅቶች በተወለዱበት አገር ከመርካቶ እድር ብዙም የማይርቁ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ግን የሚሰጠውን እጃቸውን ይዘው የሚሰበስበውን እጃቸውን እዚያው ትተውት መጡ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካቸው፣ በእኔ ንባብ፣ አንድ እጅ ብቻ የያዘ ተቋም ታሪክ ነው፤ ሌላው እጅ ደግሞ እዚሁ ገበያ መሐል ነበረ።

ነገሩን ከምንጩ እንየው። በአማርኛ «ሕፃናት አድን» እየተባለ የኖረው ሴቭ ዘ ችልድረን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ለንደን ውስጥ ነው። ኤግላንታይን ጄብ የተባለች እንግሊዛዊት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሸነፈችው የኦስትሪያ ሕፃናት በረኀብ ማለቃቸውን የሚያሳይ ወረቀት በትራፋልጋር አደባባይ ስትበትን ተያዘች፤ ተከሰሰች፤ አምስት ፓውንድ ተቀጣች። በዚያው ዓመት ግንቦት ከእኅቷ ከዶሮቲ ባክስተን ጋር በሮያል አልበርት አዳራሽ ሕዝብ ሰብስባ ድርጅቱን አቆመች። የትናንት ጠላትን ልጅ ለመቀለብ ከየሰፈሩና ከየጸሎት ቤቱ ሳንቲም መለመን ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ሄርማን ግማይነር ኦስትሪያ ውስጥ ኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደርን ሲመሠርት ከአገሩ ሰው የጠየቀው በወር አንድ ሺሊንግ ነበር። ካርልሃይንዝ በም ደግሞ ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በአንድ የጀርመን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ቀርቦ ተወራረደ፦ «ከተመልካቹ ሦስት አንዱ እንኳ ለተራበው አፍሪካዊ አንድ ማርክ አይሰጥም።» ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተዋጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ «ሰዎች ለሰዎች» ተመሠረተ፤ ዛሬም በጀርመን ከተሞች ያሉ የበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ይሰበስቡለታል። ሦስቱም ጋ ያለው አሠራር አንድ ነው፤ ገንዘቡ ጥቂት፣ ሰጪው ብዙ፣ ሰብሳቢው ሰፈር ውስጥ የሚታወቅ ሰው። በወር አንድ ሺሊንግ የሚለውን ሐሳብ ለአንድ የመርካቶ እድርተኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስሙን ብቻ ይለውጥለታል።

እነዚህ ድርጅቶች ኢትዮጵያ የገቡት ግን ሌላ መልክ ይዘው ነው። የስዊድኑ ሕፃናት አድን እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ ጀመረ፤ የኖርዌዩም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ኤስ ኦ ኤስ የመጀመሪያውን መንደሩን እ.ኤ.አ. በ1974 መቀሌ ላይ ከፈተ፤ የወሎና የትግራይ ድርቅ ነበር ያመጣው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ሰቆቃ ሲያሳይና በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ሲደረግ የውጭው መዋጮ ወደ ጎርፍነት ተለወጠ። ለዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባል፤ የዳነውን ሕይወት የሚክድ ሰው ጤነኛ አይደለም። ነገር ግን ልብ ብለን ካየን፣ እዚህ የከፈቱት ቢሮ የሚሰጥ፣ የሚገነባ፣ የሚቆጣጠርና ሪፖርት የሚጽፍ እንጂ የሚሰበስብ አልነበረም። ድርጅቱን ድርጅት ያደረገው ሰብሳቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሣጥን ይዞ በረንዳ ላይ የሚቆመው በጎ ፈቃደኛ፣ ስቶክሆልምና ሙኒክ ቀረ። ሒሳብ የሚጠየቀውም በዚያው በኩል ሆነ፤ ምክንያቱም ሒሳብ የመጠየቅ መብት መዋጮን ተከትሎ ይሄዳል። በአገራችን የተረጂ ዝርዝር እንጂ የአባል መዝገብ አልነበረም። ሕፃኑ እዚህ፣ የሕፃኑ ማኅበር እዚያ ሆነ።

በዚያው ዘመን መርካቶ ምን ትመስል ነበር? የአዲስ አበባ ገበያ ከጣልያን በፊት አራዳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበረ። ወራሪው ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ሲከፋፍል ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ አሁን ካለበት አሰፈረው፤ ስሙንም ከጣልያንኛው «መርካቶ» ወረሰ። ወደዚያ ገበያ የጎረፈው ሰው በአመዛኙ ከገጠር የመጣ፣ ዘመዱን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። አገር ቤት ሲሞት ዘመድ ይቀብረዋል፤ እዚህ ማን ይቀብረው? የእድር አመጣጥ ላይ ምሁራን አንድ ቃል የላቸውም፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በአዲስ አበባ በነበሩ ጉራጌዎች ዘንድ የሚያገኙት አሉ፣ በጣልያን ጊዜ በርትቶ ተስፋፋ የሚሉም አሉ። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ እድር የከተማ ልጅ ነው፣ የስደተኛ ፈጠራ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው በደብተር ላይ ዘመድ ጻፈ።

ይህን ደብተር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል፤ የተቋሙ ጥበብ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። በወሩ የተቆረጠው እሑድ ጠዋት ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ጸሐፊው ረዥሙን መዝገብ ከፍቶ አለ። በስተግራ የአባሉ ስም፣ በስተቀኝ ዐሥራ ሁለት ወር በዐሥራ ሁለት ዓምድ። አባሉ ካርዱን ያቀርባል፣ ይከፍላል፣ ካርዱም መዝገቡም ላይ ይፈረማል። የዘገየ ቅጣት አለው፤ ቀብር የቀረ ቅጣት አለው፤ የተሰበረ ሳህን ሒሳብ አለው። ዳኛው ይመረጣል፣ ተቆጣጣሪው ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያነባል። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ንጋት ላይ ይዞራል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ከዕቃ ቤት ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ ደመወዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ሲደነግግ፣ እድሮች በየሰፈሩ መተዳደሪያ ደንብ ያላቸው፣ የተደራጁ ተቋማት ነበሩ። የመዋጮ ዲሲፕሊን፣ የበጎ ፈቃድ ጉልበትና የሒሳብ ተጠያቂነት አንድ ላይ የተቀመጡበት ቤት ከፈለግን፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለንም።

«እድር ለሬሳ ነው፤ ለራሱ አባል ነው፤ ራቅ ላለ ዓላማ ማን ያዋጣል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱን መርካቶ ራሷ ሰጥታለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች፣ ብዙዎቹ የዚህ ገበያ ነጋዴና ሠራተኛ፣ ለትውልድ አገራቸው መንገድ ለማሠራት ተደራጁ። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትና የዓለምገና–ወላይታ ሶዶ የመንገድ ማኅበር ከዚያ ዘመን የወጡ ናቸው። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ፣ በየመንደሩና በየጎሣው ተመድቦ የሚሰበስብ ኮሚቴ ነበራቸው፤ መዋጮውን ይዘው ከመንግሥት ጋር ተደራድረው መንገድ አስወጡ። ያዋጣው ሊስትሮም ይሁን ባለሱቅ፣ አብዛኛው ያንን መንገድ በየቀኑ የሚሄድበት ሰው አልነበረም። ስለዚህ መርካቶ ውስጥ ያለው የመዋጮ ልማድ ከቀብር ድንኳን አልፎ ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ተፈትኖ የታወቀ ነገር ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ሰብሳቢው የታወቀ መሆኑና ገንዘቡ የት እንደገባ መታየቱ።

ለሕፃናትም ቢሆን አገር ውስጥ የተጀመሩ ሙከራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው ሆፕ ኢንተርፕራይዝ የጎዳና ልጆችን በመመገብ ነበር የጀመረው፤ ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ የምግብ ትኬቱ ነው። መንገደኛው ጥቂት ትኬቶች ገዝቶ በኪሱ ይይዛል፤ እጁን ለዘረጋ ልጅ በሳንቲም ፋንታ ትኬት ይሰጠዋል፤ ልጁም ወደ ድርጅቱ ምግብ ቤት ሄዶ ይበላል። ሳንቲሙ ለማስቲሽ ይሆናል ብሎ የሚሰጋውን ሰው ስጋት ያነሣለታል፤ የምጽዋትን ጥንታዊ ልማድ ሳያፈርስ መስመር ያስይዘዋል። ወይዘሮ አበበች ጎበና ደግሞ በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ በረኀብ ካለቀው ሕዝብ መሐል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው መጡ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ትዳራቸውንና ቤታቸውን ያጡበት ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያቆመውም ምግብ አዘጋጅተው እየሸጡ ያገኙት ገንዘብ እንጂ የፈረንጅ በጀት አልነበረም። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የደከሙለት ድርጅታቸው ከጊዜ በኋላ የውጭ ለጋሾችን ደገፍ ማለቱ አልቀረም። ይህ የእርሳቸው ድክመት አይደለም፤ ለሕፃናት ሥራ የሚሆን ቋሚ የአገር ውስጥ መዋጮ የሚያሰባስብ ተቋም ስላልነበረ ነው። በጎ ሰው ነበረ፤ መዝገቡ ጎደለ።

መዝገቡ የነበረው እድር ደግሞ በዚያን ጊዜ ታስሮ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተፈጠረ፤ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ የቀበሌ ሆነ። እድር ወደ ቀብሩ ተመልሶ ዝም አለ። ዝምታውን የሰበረው ሞት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ወጣቱን ሲያረግፍ ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ለሌላው የሚተከል ሆነ፤ ካዝናውም ይመናመን ጀመር። አኮርድን የመሳሰሉ ድርጅቶች አዲስ አበባ ውስጥ እድሮችን «የሞተውን ከመቅበር የታመመውን መርዳት ይቀድማል» እያሉ ሲያነጋግሩ፣ የሰሙት ለልማት ፋሽን ሲሉ አልነበረም፤ ለራሳቸው ሒሳብ ሲሉ ነው። ከዚያ ዓለም አቀፉ የሕፃናት ድርጅት መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ፣ በአሜሪካው ሴቭ ዘ ችልድረን መሪነት የተካሄደው ፒ ሲ 3 የሚባለው መርሐ ግብር ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለመድረስ ሦስት እርከን ዘረጋ፦ ከላይ ዓለም አቀፎቹ፣ መሐል ላይ የአገር ውስጥ ድርጅቶች፣ ከታች የማኅበረሰብ ማኅበራት፣ በተለይም እድሮች። በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናቱን ይጎበኙ ነበር። ሁለቱ እጆች፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ የተገናኙ መሰለ።

መገናኘቱስ ተገናኙ፤ ግን ተገልብጠው ነው። እድሩ የተጠራው የታወቀበትን ሙያ እንዲሠራ አልነበረም። ሙያው መሰብሰብ ነው፤ የተሰጠው ሥራ ማደል ሆነ። ገንዘቡ ከዋሽንግተን ተነሥቶ እርከን በእርከን ሲወርድ፣ እድሩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆሞ ደብተርና ሳሙና አከፋፈለ፤ ስም ዝርዝር ሞላ። ከላይ ያለው በደመወዝ፣ ከታች ያለው በበጎ ፈቃድ ይሠራል፤ የታችኛው የሚያገኘው ቢበዛ የታክሲ ነው። በዚህ ላይ የሚነሣው ወቀሳ ትክክል ነው፤ የድሃን ጉልበት በነፃ መጠቀም በጎ ፈቃድ ተብሎ መሸፈን የለበትም። ከጉልበቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የእድር በጎ ፈቃደኛ የሚደክመው ራሱ ላዋጣው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ይጠይቃል፣ ይቆጣጠራል፣ ይቀጣል። ያላዋጣውን ሲያድል ግን ዳኛነቱ ይቀርና ተላላኪ ይሆናል። በመርሐ ግብሩ ምክንያት መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ወላጅ ያጡ ልጆችን የጨመሩ እድሮች መኖራቸው የዚያ ዘመን ትልቁ ፍሬ ነው፤ የሚያሳዝነው፣ በመርሐ ግብሩ ሚዛን ላይ ፍሬው የሚቆጠረው በተደረሱት ልጆች ብዛት እንጂ በእድሩ መዝገብ ላይ በተጨመረው ዓምድ አለመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይነሣል። አገር ውስጥ ይዋጣ የሚለው ሐሳብ ተሞክሮ ወድቋል ይባላል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የሕፃናትን መብት ጨምሮ በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ከገቢው ዐሥር በመቶ እንዳይበልጥ ከለከለ። ዘጠና በመቶውን አገር ውስጥ ፈልጉ ማለት ነው። የሆነው ግን ድርጅቶች የአገር ውስጥ ሰብሳቢ ማደራጀታቸው ሳይሆን፣ «መብት» የሚለውን ቃል ከሰነዳቸው እየፋቁ ወደ አገልግሎት መዞራቸው ወይም መዘጋታቸው ነው። አዋጁም በ1113/2011 ተተክቶ ቀረ። ታዲያ ይህ የአገር ውስጥ መዋጮን አለመቻል ያሳያል? አያሳይም። ክልከላ ቧንቧ ይዘጋል እንጂ ጉድጓድ አይቆፍርም። እድርም የጉራጌ መንገድም በአዋጅ አልተፈጠሩም፤ ሰው ችግሩን አይቶ፣ የሚያምነውን መርጦ፣ በዝግታ የገነባቸው ናቸው። የታዘዘ መዋጮን ደግሞ ሕዝቡ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ሳይጠየቅ የሚቆረጥበት ገንዘብ ስሙ መዋጮ ይሁን እንጂ ግብር ነው። የአዋጁ መውደቅ የሚያስተምረው፣ ይህን ተቋም ከላይ መትከል እንደማይቻል ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከድህነት ይነሣል። ኑሮ በተወደደበት ዘመን ከበረኛና ከሸክም አዳሪ ሃያና ሠላሳ ብር ሰብስቦ የጎዳናን ልጅ ማሳደግ ቀልድ ነው ይባላል። ስሌቱ እውነት ነው፤ የመርካቶ መዋጮ የውጭውን ዕርዳታ አይተካም፤ ይተካል የሚልም የለም። ነገር ግን ግማይነርም አንድ ሺሊንግ ሲጠይቅ አገሩ ገና ከጦርነት ፍርስራሽ አልወጣችም፤ በአራት ኃያላን ወታደሮችም ሥር ነበረች። ትንሹ መዋጮ የሚገዛው ትልቁ ነገር ዳቦ አይደለም፤ ባለቤትነት ነው። አውቶቡስ ተራ ላይ ከገጠር አውቶቡስ ወርዶ የሚቀረውን ልጅ ቀድሞ የሚያየው ባለሱቁ፣ በረኛውና ሻይ ሻጯ ናቸው። ለዚያ ልጅ በወር ያዋጣ ሰው በሚቀጥለው ወር የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል፤ ያላዋጣ ግን አልፎት ይሄዳል። ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ እድር ራሱ ድሃውን ያገላል የሚል ነው፤ መክፈል ያልቻለ ይሰረዛል፣ የጎዳና ልጅ አባል አይሆንም። ይህን መካድ አይቻልም፤ የእድር ጥንካሬ ከአባልነት ስለሚመነጭ ድንበሩም እዚያው ነው። የምጠይቀው ግን ድንበሩን እንዲያፈርስ አይደለም፤ በራሱ ሕግ ጀምሮ እንዲሰፋ ነው።

ነገሩ ደግሞ ዛሬ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በአንድ ትእዛዝ አገደ፤ ዩኤስኤአይዲም እስከዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ አከተመ። በዚያ ገንዘብ የቆሙ የሕፃናት መርሐ ግብሮች በሳምንታት ውስጥ ሲዘጉ፣ መዝጋቱን የወሰነው ሰው እዚህ አንድም አባል አልነበረውም፤ ስለዚህ ማንም ጉባኤ ጠርቶ ሊጠይቀው አልቻለም። አንድ እጅ ብቻ የያዘ ተቋም የሚወድቀው እንዲህ ነው። የቀረው መዝገብ የእድሩ ነው፤ ጅምሩም እዚያው መዝገብ ላይ አለ። እድር አባሉ ሲሞት ለቤተ ሰቡ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል፤ ያ ቤተ ሰብ ውስጥ ልጅ አለ። ስለዚህ ልጁ ቀድሞም ደብተሩ ላይ ነበረ፤ የአባቱ ስም ጀርባ። አሁን ባለው የአብዛኛው እድር ደንብ ግዴታው የሚያበቃው ሠልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲነሣ ነው፤ የልጁ ችግር የሚጀምረውም ያን ቀን ነው። ከዐሥራ ሁለቱ ዓምዶች ጎን ዐሥራ ሦስተኛ ዓምድ ቢሰመርና በሟቹ ስም ትይዩ ልጁ ትምህርት ቤት መግባቱና አለመግባቱ በየወሩ እሑድ ቢጻፍ፣ ዳኛው እንደ ቀብር ቀሪ ሁሉ ስለ እርሱም ይጠይቃል። የሰፈሩን ልጅ እንዲህ መቁጠር የለመደ እድር አውቶቡስ ተራ የወረደውን ለመቁጠር ብዙ አይቸግረውም።